ቅጠሏ እንዳትወድቅ

ከመቲ ከተማ ወጥቶ ወደ ደኑ የዘለቀ መንገደኛ መጀመሪያ ቡና ያገኛል። ከቡናው በላይ የጥላ ዛፎች፣ ከጥላ ዛፎቹም በላይ የአገሩ ሰዎች ማጃንጎች የንብ ቀፎ የሚሰቅሉባቸው ረጃጅሞቹ አሉ። ደኑን ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በመዝገቡ አስፍሮታል። ቆጣሪዎችም 550 ያህል የዕፅዋት፣ 33 የአጥቢ እንስሳት፣ 130 የወፍ ዓይነት ብለው ጽፈዋል። ቀጥሎ የሚነገረው ነገር የሆነው ከቆጠራው በፊት ይሁን በኋላ ነጋሪዎቹ አይስማሙም። ከ33ቱ አንዱ ጉሬዛ መሆኑን ግን ሁሉም ይቀበላል።

ጉሬዛ ጥቁር ነው፤ ከትከሻው ግራና ቀኝ ነጭ ጠጉር ይወርድለታል። በእጁ አውራ ጣት የለውም። ምግቡ ከሁሉ ይልቅ ቅጠል ነው፤ ቅጠል ብዙ ማኘክ ይፈልጋልና የጉሬዛ ሀብቱ መንጋጋው ነው። ጎሕ ሲቀድ የየመንጋው አውራ አፉን ከፍቶ ያገሣል፤ ማዶ ያለው ይመልስለታል። በዚህ ጩኸት ድንበር ይታወቃል፤ ማንም ማንንም ሳይነክስ ሁሉም ወደ ቁርሱ ይሄዳል።

በአንድ ጅረት ዳር የሚኖር አንድ መንጋ ነበር። አውራው አባ ለምድ ይባሉ ነበር። በገላጣው ሜዳ ዳር በቆመ ቀረሮ ላይ፣ ከፍ ባለች የቅርንጫፍ መንታ ይቀመጣሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ማለት ክፉ ጉሬዛ። ሾላ ሲበስል አካፍለው፣ ጠብ ሲነሣ ገላግለው የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ከዛፉ ሥር መጣና አንገቱን ደፍቶ፣

«አባታችን፣ እርስዎን ቀና ብሎ ለማየት ዓይኔ አልደፈረም» አላቸው።

አባ ለምድ ደስ አላቸው። በእጃቸው የነበረችውን የበሰለች ሾላ ጣሉለት።

በማግሥቱ ሦስት ጎረምሶች አንገታቸውን ደፉ፤ ሦስት ሾላ ወረደ። በሳምንቱ መንጋው በሙሉ ደፋ፤ ሾላው ግን ለሁሉ አልበቃም። ማን አብልጦ እንደደፋ መለየት ግድ ሆነ፤ ለመለየትም አንገት ለኪ ተሾመ።

አንገት ለኪው ብልህ ነበር። የቡና ቅጠል እየቀነጠሰ ለእያንዳንዱ አደለና፣ «ይህችን በአገጭህና በደረትህ መካከል ያዛት። ከጠዋት እስከ ማታ ቅጠሏ እንዳትወድቅ። የወደቀችበት ሾላ የለውም» አለ።

መጀመሪያ ለሾላው ሲሉ ያዙ። ኋላ ሾላ በሌለበት ወራትም ያዙ። ልጃገረድ ስትታጭ፣ «ልጁ ቅጠሉን ስንት ቀን ይይዛል?» እየተባለ ይጠየቅ ጀመር። እናቶችም ልጃቸውን ሲያመሰግኑ፣ «የኔ ልጅ አንገቷን የደፋች ናት» ይሉ ነበር፤ ይህን ከጥንትም ይሉት ነበር፣ አሁን ግን የሚታይ ማስረጃ አገኘ። አንገቱ የተደፋ አባ ለምድን ማየት አይችልምና ሰላምታው በሜዳው ላይ ለሚያርፈው ጥላቸው ሆነ። ጥላው በፀሐይ ሲዞር መንጋውም አብሮ ይዞራል። በደመና ቀን ወዴት ዞሮ እጅ መንሣት እንደሚገባ የመንጋው ሸንጎ ተሰብስቦ ይወስናል።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት እናት ቁርሷን ስታኝክ ከጆሮዋ ሥር «ቀጭ» አለ።

«ምን ሰበርሽ?» አላት ባሏ።

«ምንም» አለች። እንደገና ስታኝክ እንደገና ቀጭ አለ።

ወሩ ሳያልቅ ሜዳው በምግብ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ሆነ። ከቀጭታው ቀጥሎ ሕመም መጣ፤ አንዱን ጆሮ ግንዱን፣ ሌላውን ሰሪሳራውን፣ ሦስተኛውን ማጅራቱን ያዘው። ሲያዛጋ መንጋጋው ተቆልፎበት ግማሽ ቀን ያሳለፈም ነበር። ከሕመሙ በፊት ሸንጎውን ያስጨነቀው ግን ድምፁ ነው።

«ይህ ምልክት ነው» አለ አንገት ለኪው። «እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ነው።»

አድማጮች በየቅርንጫፉ ተቀመጡ። ሁለት ጊዜ ቀጭ ያለ ተጠረጠረ፤ ሦስት ጊዜ ያለ ተጠራ። «ማኘኬ ነው» ብሎ የመለሰ፣ «ምን ልታኝክ አስበህ ነው?» ተባለ። አድማጮቹ ራሳቸው ምሳ ሲበሉ ቀጭ ቀጭ ስላሉ አንዳቸው ሌላቸውን መዘገቡ። መዝገቡ ሲሞላ ሸንጎው የተመዘገበው ሁሉ ይቅር ተብሎ፣ ከእንግዲህ ግን ማኘክ በቀኝ በኩል ብቻ እንዲሆን አዘዘ፤ ግማሽ አፍ ግማሽ ድምፅ ይሰጣል ብሎ። በሁለተኛው ሳምንት የሁሉም ቀኝ ጉንጭ አበጠ።

ያን ጊዜ ሐኪም ተጠራ። ግንደ ቆርቁር መጣ። የአንዱን አፍ ተመለከተ፤ የተመለከተው በሁለት ጣት ስፋት ነው፣ ከዚያ በላይ አይከፈትም።

«ጥርስ ነው» አለ።

«ጥርሱ ነጭ ነው፣ አልተበላም» አሉት።

«ከውስጥ ነው» አለና ነቀለ። ሕመሙ አልሄደም። ቀጥሎ ያለውን ነቀለ። አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ሜዳው ላይ የጤነኛ ጥርስ ክምር ተሠራ፤ ግንደ ቆርቁርም ደመወዙን ተቀብሎ፣ «የቀረው የጆሮ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ በረረ።

የጆሮ ነው ከተባለ ዘንድ ሰም ከቀፎ አውርደው የሁሉንም ጆሮ ደፈኑ። ሕመሙ እዚያው ነው፤ ቀጭታው ግን ለባለቤቱ ከፊተኛው ይልቅ ጎልቶ ተሰማው፣ ከውጭ የሚመጣ ሌላ ድምፅ የለምና። ሸንጎው ቀጭታው መቀነሱን አስታወቀ፤ የሸንጎው አባላትም ጆሯቸው ተደፍኖ ነበር።

ሕመሙ በበረታ ጊዜ የልምድ ልውውጥ ይደረግ ተባለ። አምስት ልዑካን ተመርጠው፣ ቅጠላቸውን በአገጫቸው ይዘው፣ ከደጋው ደን ወደ ጋምቤላ ቆላ ወረዱ። በሜዳው ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በብዙ ሺህ ሆነው ያልፉ ነበር፤ ልዑካኑ ያዩት አቧራና እግር ነው። ከዚያም ቀጭኔን አገኟት። ራሷን ከግራሩ በላይ አድርጋ፣ መንጋጋዋን ወደ ጎን እያዞረች ታመሰኳ ነበር። አንድም ቀጭ የለም።

«እመቤት ቀጭኔ፣ በአንገት ጉዳይ ከእርስዎ የሚበልጥ የለም ብለው ልከውን ነው» አሏት ወደ መሬት እየተናገሩ።

«አንገቴ ቢረዝምም አጥንቱ ሰባት ነው፤ የእናንተም ሰባት ነው» አለቻቸው። «ልዩነቱ አያያዙ ነው። እስቲ ቀና በሉና እዩኝ።»

ጆሯቸው ተደፍኖ ነበርና አልሰሙም። ወደ ታች የሚታየውን ግን በጥንቃቄ አይተው ጻፉ። ሪፖርታቸው እንዲህ ይላል፤ «መንጋጋዋ የማይጮኸው ቀጭኔ የተሰነጠቀ ሰኮና አላት። የኛ መንጋ ሰኮና የለውም።»

ሲመለሱ በባሮ ዳር አዞን አገኙ። አዞ መንጋጋ የሚያውቅ ነው። ሰማቸውና አዘነ፤ «ነገሩን በሩቅ ማየት አይቻልም። ቀረብ በሉ፣ አሳዩኝ» ብሎ በእጁ ጠቀሳቸው። አምስት የሄዱት አራት ሆነው ገቡ። ሸንጎው የልምድ ልውውጡ የተሳካ መሆኑን ገልጾ፣ ለእያንዳንዱ ጉሬዛ ሰኮና የሚሆን የዛፍ ቅርፊት በእግሩ እንዲታሰር ወሰነ። በማግሥቱ ስድስት ከቅርንጫፍ አዳልጧቸው ወደቁ። የወደቁትም ሲመረመሩ ከአገጫቸው ሥር ቅጠሏ ስላልወደቀች ሾላ ተሰጣቸው።

በዚያ ሰሞን ከመንገሺ በኩል አንድ መጻተኛ መጣ። ወንድ ጉሬዛ ሲጎለምስ ከተወለደበት መንጋ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ማንም አላስደነቀውም። ያስደነቀው ሲበላ ዝም ማለቱ ነው። ከሾላው ሥር ተቀምጦ፣ ራሱን በትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ በግራም በቀኝም ያኝካል። አንድ የታመመ ልጅ ቀርቦ የተደፈነ ጆሮውን ፈልቅቆ፣

«ጋሼ፣ መንጋጋዎን ማን ሠራልዎት?» አለው።

መጻተኛው እጁን በልጁ ማጅራት ላይ አደረገ። ገመድ ሆኖ ነበር። ቀስ አድርጎ ራሱን ወደ ትከሻው መለሰው፤ ቅጠሏ ወደቀች። «አሁን አኝክ» አለው። ልጁ አኘከ፤ የሚያመው ቢሆንም የመጀመሪያው ቀጭታ ቀረ። በየቀኑ እየመጣ አንገቱን ሲያቀና፣ በወሩ ሦስት ጣት የሚያስገባ አፍ ከፈተ።

ልጁ ተያዘ። ክሱ ያለ ፈቃድ መዳን ነው፤ ሸንጎውም ለችሎቱ ያህል ሰሙን ከጆሮው አወጣ።

«ሕመሙን የት አደረስከው?» አሉት።

«አላውቅም፣ ሄደ።»

«የሁላችን ሕመም ነበር። አንተ ብቻህን ልትጥለው ማን ፈቀደልህ?»

መጻተኛውንም ጠሩ። ሸንጎው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ስለነበር የሚያዩት እግሩን ብቻ ነው፤ ሰኮናም አላሰረም። ይህ በመጀመሪያ ተመዘገበበት። ከዚያ ተናገር ተባለ።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ። «ብቻ መንጋጋ ብቻውን አይኖርም። ከራስ ቅል ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከአገጭ ሥር እስከ ደረት በሚወርዱ ጡንቻዎች ተወጥሮ የሚኖር ነገር ነው። ራስ ከቦታው ሲወጣ እነሱም ይወጠራሉ ወይም ይላላሉ፤ መንጋጋ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል፣ ላይና ታች ጥርስ የሚገናኝበትም ይለወጣል። የሚያኝከው የጉንጭና የሰሪሳራ ጡንቻ ቅጠል ሳያኝክ ሲሠራ ይውላል። በመጋጠሚያው መካከል ትራስ የመሰለች ቀጭን ነገር አለች፤ ከቦታዋ ስትንሸራተትና ስትመለስ ቀጭ ትላለች። ምልክት አይደለችም።»

«ሕመሙስ? ማጅራቴ ምን አገባው?» አለ ከሸንጎው አንዱ።

«የማጅራቱ ነርቭና የመንጋጋው ነርቭ ወሬያቸውን የሚያደርሱት ወደ አንድ ስፍራ ነው። ስፍራው የቱ እንደጮኸ አይለይም። አንገት ይጎዳል፣ ጆሮ ግንድ ያለቅሳል። እናንተም ጥርስ ነቀላችሁ።» ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ፤ «ሁሉም ከአንገት ነው አልልም። ሌሊት በጭንቀት ጥርሱን የሚያፋጭ አለ፤ በአንድ ጎን ብቻ እያኘከ የጎዳውም አለ። ግን አፍ ሲከፈት ራስ ጥቂት ወደኋላ ይላል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። አገጩን ደረቱ ላይ የጣለ አፉን ወዴት ይከፍተዋል?»

ሸንጎው ተመካከረ። አንገት ለኪው ውሳኔውን አነበበ፤ «የቀረበልን አቤቱታ የመንጋጋ ነው። እንግዳው የተናገረው ስለ አንገት ነው። ጉዳዩ ለአንገት ለኪ ቢሮ ይመራ።» ከዚያም ቦታውን ቀይሮ ተቀመጠና፣ አሁን እንደ አንገት ለኪ፣ የተመራለትን ተቀበለ፤ አንገት ላይ ችግር አለመኖሩንም በቅጠሉ አረጋገጠ። መጻተኛው አስተያየቱን አንገቱን ደፍቶ በድጋሚ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ሌሊቱን ጅረቱን ተሻገረ። ልጁ ተከተለው፤ ያቺ መጀመሪያ ቀጭ ያለባት እናትም ባሏን አስከትላ ሄደች።

የቀሩት በቅርፊት ገመድ አገጫቸውን ከአናታቸው ጋር አሰሩ። ይህ የሸንጎው የመጨረሻ ሕክምና ነው። አፍ ካልተከፈተ አያምም፣ ቀጭም አይልም። የሚበላው ምን ይሁን ሲባል ዝንጀሮ በኮንትራት ተቀጠረ፤ ቅጠሉን አኝኮ በጥርስ ክፍተት ያጎርሳቸዋል። ጥርሱ የተነቀለለት ሁሉ ግንደ ቆርቁርን አመሰገነ፤ መጉረሻ ቀዳዳ ተርፎት ነበርና። ዝንጀሮ ለድካሙ ሾላውን ወሰደ። ቀስ በቀስ የተኘከውንም ግማሽ እየዋጠ ሄደ፤ ዓይቶ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ማለዳ ጎሕ ቀደደ፣ ማዶ ያለው መንጋ አገሣ፤ ከዚህኛው በኩል መልስ አልሄደም። በማግሥቱም አልሄደም። በሦስተኛው ቀን ማዶዎቹ ተሻግረው በታችኛው ሾላ ላይ ተቀመጡ። በሳምንቱ በላይኛውም ተቀመጡ። ሸንጎው ለመንጋው ያስታወቀው ጠዋት ጠዋት ይሰማ የነበረው ሁከት ቀርቶ ሰላም መስፈኑን ነው። ማስታወቂያውን በአፍ መናገር ስላልተቻለ በምልክት ሆነ፤ ምልክቱን የሚያይ ቀና ያለ ዓይን ስላልነበረ ምልክቱ መሬት ላይ ተሣለ።

ጸጥታውን ባለ ዘውድ ንስርም ሰማ። ንስር ቀድሞ ይህን ሜዳ ይፈራ ነበር፤ ሃያ ዓይን ሽቅብ የሚያይበት፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉ የሚበተንበት ነበር። አሁን መጥቶ ዞረ። ጥላው ሜዳው ላይ አለፈ። መንጋው ጥላ ሲያልፍ አየ፤ አባ ለምድ ከተቀመጡበት ተነሥተው ሊጎበኟቸው የወረዱ መሰላቸውና ይበልጥ አጎነበሱ። ንስር ከዳር አንዱን ይዞ ሄደ። በማግሥቱ ጥላው ሁለት ጊዜ አለፈ፤ ሁለት ጊዜ አጎነበሱ። አንገት ለኪው በወሩ መጨረሻ ቅጠል ሲያድል የተረፈ ቅጠል አገኘ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የቅጠል ድርሻ አደገ ብሎ ጻፈ።

የጉሬዛ ግልገል ሲወለድ ነጭ ነው፤ ለጥቂት ወራት ከእናቱ ሆድ ላይ ተለጥፎ ይኖራል። እናትየው ስታጎነብስ እሱ በጀርባው በኩል ሆኖ በክንዷ ሥር ወደ ሰማይ ያያል። አንድ ግልገል ንስሩን አየው። ማንም አላሰረውም፣ ማንም ቅጠል አልሰጠውም፤ ራሱ ወደኋላ ተንጋሎ ስለነበር አፉ ያለ ችግር ተከፈተ፤ ጮኸ። እናቱ ጆሮዋ ተደፍኖ ነበር። የጩኸቱን ንዝረት ግን አንገት ለኪው በደረቱ ተሰማው፤ ሸንጎ ጠራ። የቀረበው ሐሳብ ግልገሎች በሙሉ ወደ ሰማይ እንዳያዩ ፊታቸው በእናታቸው ጠጉር ውስጥ እንዲቀበር የሚል ነበር።

ሐሳቡ ለአባ ለምድ ቀረበ። አሁን እሳቸው ለብዙ ዘመን ከላይ ወደ ታች ሲመለከቱ፣ ማን ደፋ ማን ቀና ሲሉ ኖረዋል፤ በመንጋው ውስጥ ከእሳቸው የባሰ የተደፋ አንገት አልነበረም። መንጋጋቸው ከተቆለፈ ቆይቷል፤ ይህን ማንም አያውቅም፣ ያያቸው የለምና። እሳቸው የሚችሉት ድምፅ አንድ ነው፤ «እምም»። ሸንጎው ሲጠይቅ «እምም» ይላሉ፤ ጸሐፊውም «ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፋል። ቀኝ ማኘኩም፣ ሰሙም፣ ሰኮናውም፣ ገመዱም በ«እምም» የጸደቁ ናቸው።

በዚያ ቀን አባ ለምድ ሜዳው ላይ የራሳቸውን ጥላ አዩ። ከጥላቸው በላይ ሁለት ክንፍ ተዘረጋ። ምን እንደሆነ ገባቸው። መንጋው ሁሉ ከሥራቸው ተሰብስቧል፤ ቀና በሉ ሊሏቸው ፈለጉ፣ ሽሹ ሊሏቸው ፈለጉ። አንገታቸው አልነሣ አለ፤ አፋቸውም አልከፈት አለ። ያላቸውን ጉልበት ሁሉ አሰባስበው ሞከሩ።

«እምምም!»

«በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ ጸሐፊው።

ጥቂት የክንፍ ነፋስ በሜዳው ላይ አለፈ፤ ሁለት ሦስት ቅጠሎች ከአገጭ ሥር ተንቀጠቀጡ፣ አልወደቁም። ከዚያ ንስሩ በልቶ ሲያበቃ ያቺ የቅርንጫፍ መንታ ተመቸችውና እዚያው ዐረፈ። ከላይ ሲያየው ሜዳው በሙሉ ማጅራት ነው።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣች፤ መንጋው ተሰልፎ ለጥላው እጅ ነሣ። ጥላው ከትናንቱ ይሰፋል።

«አባታችን ወፈር ብለዋል» አለች አንዲት አሮጊት በታሰረ አገጯ እያጉተመተመች።

«ትከሻቸውም ሰፍቷል፤ ተስማምቷቸዋል» አለ አንገት ለኪውም እያጉተመተመ። ለዚህ የሚገባ ክብር አንድ ቅጠል እንደማይበቃ አሰበና፣ ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱ ሁለት ቅጠል እንዲይዝ ሐሳብ አቀረበ። ከላይ «እምም» የሚል ድምፅ አልመጣም። ጸሐፊው ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያም ተቃውሞ አለመኖሩን ጽፎ ቅጠሉን ማደል ጀመረ።